ረዳት የተባሉት ለኪ

የሐይቁን ከፍታና ሙቀት ሃያ ስድስት ዓመት የለኩት አዛውንት ከመለኪያ ጣቢያው የድንጋይ ደረጃ ሥር ሞተው የተገኙት ሰኞ ጠዋት ነው። የሞቱት ግን ዓርብ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ «የት ደረሱ?» ያለ ሰው አልነበረም።

መርማሪው ወደ ክፍላቸው ወጣ። አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ኮምፒውተር። የጣቢያው ፕሮግራመር ዓይኑ ቀልቶ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሟል።

«ምን አገኘህ?»

«በየፋይሉ ከቁጥሩ ጋር ማን እንደለካው ይጻፋል። የጋሼ ስም ‹ለኪ› በሚል መለያ ሥር ነበር። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰው መለያውን ‹ረዳት› ብሎታል።»

«ያን ሁሉ ሺህ ፋይል አንድ በአንድ?»

«ኧረ! ለዚህ የተዘጋጀ ላይብረሪ፣ ማለት ዝግጁ የፕሮግራም ጥቅል፣ አለ። አሮጌውንና አዲሱን ስም ከሰጡት ሁሉንም ያዳርሳል። ግን መሃል ላይ ቆሟል። ጋሼ በአንዱ ፋይል ‹ለኪ›ን በስህተት ‹ልኪ› ብለው ነበር። የሌለ ስም ቀይር ሲባል ፕሮግራሙ አልሄድም አለ።»

«ለማንም እንዳትናገር» አለው መርማሪው።

የጣቢያውን ዳይሬክተር ጠየቀ። «ዓርብ ከሰዓት ስብሰባ ስመራ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰው ምስክሬ ነው» አሉ። «ለኪያችን ዝምተኛ ነበሩ። ከዚህ በላይ አላውቃቸውም።»

በሐይቁ ላይ ትልቅ ጥናት ልታሳትም የተቃረበችው ተመራማሪ ግን ተቆጣች። «ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ቤቴ ገብቻለሁ። ፋይሎቹን ከከፈትኩ ወር አልፎኛል። ደግሞ ሰውዬው ረዳት እንጂ ሌላ አይደሉም፤ ፋይሉም ‹ረዳት› ነው የሚላቸው።»

ከቀትር በኋላ ሦስቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰባቸው። ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«ዳይሬክተሩ ምስክር አላቸው» ሲል ጀመረ። «ፕሮግራመሩ ቢሆን ስሙ መኖሩን ሳያጣራ ትዕዛዝ አይሰጥም፤ ይህ የጀማሪ እጅ ነው።» ወደ ተመራማሪዋ ዞረ። «እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ‹ረዳት› የሚል አንድም ፋይል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያየነው ፕሮግራመሩና እኔ ብቻ ነን። ወር ሙሉ ያልከፈቱትን እንዴት አነበቡት?»

ተመራማሪዋ ዓይኗን ባዶው ወንበር ላይ ተከለች።

«ጥናቱ ላይ ስሜ ይግባ አሉኝ። ረዳት ከተባሉ ስማቸው አይገባም ብዬ መለያውን ስቀይር ደረሱብኝ። ለዳይሬክተሩ ልናገር ብለው ከክፍሉ ወደ ደረጃው ሲወጡ... ገፋኋቸው። መግደል አላሰብኩም።»

«ከወደቁ በኋላስ ሰው ጠሩ?»

ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

እሷ ከተወሰደች በኋላ መርማሪው የሞት መመዝገቢያ ቅጹን አወጣ። የቅርብ ዘመድ የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። ዳይሬክተሩ አንገታቸውን ደፉ።

«እኔን ይጻፉኝ» አለ ፕሮግራመሩ።

«ምናቸው ነህ?»

«እንጃ» አለ። «ቅዳሜ ልደውልላቸው ስልኬን አንስቼ ነበር። ሰኞ አገኛቸው የለ ብዬ ተውኩት።»