ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ

ዘቢደር ሥራዋ የሰው ልብ መጠበቅ ነበር። በአፋር በረሃ በተሠራው ቤተ ሙከራ ተቀምጣ፣ በእሳት ሰርጓጅ፣ ሙቀት በሚቋቋም መርከብ፣ ወደ ቀለጠው አለት የሚወርዱትን ጠላቂዎች የልብ ምት ትከታተላለች። ከደረታቸው ቆዳ ሥር የምትቀበረው ልብ ነጋሪ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል መሣሪያ፣ እያንዳንዱን ምት ከነሰዓቱ ትልክላታለች።

ከጠላቂዎቹ አንዱ፣ ሁመድ፣ የሞተ ዕለት የሰርጓጁ ግድግዳ ተሰነጠቀ። የሁመድ ድምፅ ጠፋ፤ ዋናው ኮምፒውተርም ተዘጋ። ዘቢደር መጠባበቂያውን ኮምፒውተር ከፈተች። የልብ ምቱ መስመር ባለበት ቆሟል፤ ብትጠብቀውም አልተራመደም። ልቡ ቆሟል አለች። አለቃዋ ሰርጓጁ የተንጠለጠለበትን ገመድ አስቆረጠ። ወደ ታች የሚናገሩበት መስመር ደህና ነበር፤ እሱም ለሞተ ሰው ምን ያደርጋል ተብሎ ተዘጋ። ለእናቱ ለካዲጋ፣ ሳይሰማው ነው የሄደው ተባለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ መጠባበቂያው ሊወገድ ሲል ዘቢደር መዝገቡን ገለበጠች። የሁመድ የመጨረሻ ምቶች በግራፉ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቆጠረቻቸው፤ ከሦስት መቶ ይበልጣሉ። በአንድ ቅጽበት ሦስት መቶ ጊዜ የሚመታ ልብ የለም።

ጥፋቱ ከሰዓቱ ቁጥር ነበር። ማሽኑ ጊዜን የሚቆጥረው ከመቶ ዓመት በፊት ከነበረ አንድ ቀን ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ ቁጥሩ ሦስት ቢሊዮን አልፏል። ግራፉን የሚሥለው ፕሮግራም ደግሞ የፊተኞቹን ጥቂት አሃዞች ብቻ ይዞ የቀረውን ያጠጋጋል። አራት ደቂቃ ሙሉ አንድ ቅጽበት ሆኖ ይቀራል። ዘቢደር ሁመድ የወረደበትን ሰዓት ከሁሉም ላይ ቀንሳ እንደገና ሣለችው። መስመሩ ተዘረጋ። ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ሁመድ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ኖሯል።

ገመዱን ለመሳብ ሃያ ደቂቃ ያስፈልግ ስለነበር አይተርፍም ነበር። ሊያናግሩት ግን ይችሉ ነበር።

ለአለቃዋ ስትነግረው የዳነ ቁስል አትንኪ አላት። በማግስቱ ጠዋት ካዲጋ ቤት ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ልቡ ቆሟል ያለችው እሷ እንደሆነችም አልደበቀችም። ካዲጋ እስከ መጨረሻው ሰምተው ጠየቁ።

«መጨረሻው ላይ ልቡ እንዴት ነበር?»

«መጀመሪያ ይሮጥ ነበር፣ እናቴ። በኋላ ረጋ።»

«መስማት ይቻላል?»

«ይቻላል። ከከበደዎት አሳጥረዋለሁ።»

«አታሳጥሪው። እንደነበረ ይሁን።»

ዘቢደር የምቱን ድምፅ በስልኳ ከፈተችው። ካዲጋ ስልኩን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠጉና በአፋርኛ ቀስ ብለው ልጃቸውን ያናግሩት ጀመር። ዘቢደር ቋንቋውን አትችልም፤ የለየችው የሁመድን ስም ብቻ ነው። ምቱ እየተራራቀ፣ እየተራራቀ ሄዶ ቆመ። ካዲጋ ሌላ ምት ይኖር እንደሆነ ጥቂት ጠበቁ።

«አሁን ሞተ» አሉ በአማርኛ፤ ማልቀስም ጀመሩ።