ቁጥር የሌለው ምልክት

እኔን ማንም አይሸውደኝም። አባባ ድንጋይ ሊጠርብ ሩቅ አገር ከሄደ ወዲህ የመብራት ቢል የማነበው፣ የባንክ ፎርም የምሞላው፣ ሚዛን ላይ የሚጫወት ነጋዴን እጅ የምይዘው እኔ ሱርጊ ነኝ። እማዬ የወተት ጎሻችንን ጥጃ ሸጣ «አር-ኦ የሚሉትን የውሃ ማጣሪያ እንግዛ» ስትል፣ ማን ይምረጥ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የውሃ ማጣሪያው ያስፈለገን ለታናሽ ወንድሜ ለባንሺ ነው። የጉድጓዳችን ውሃ ኩልል ያለ ነው፤ ፍሎራይዱ ግን የባንሺን ጥርስ ቡናማ አድርጎታል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ዘንድሮ ደግሞ ጉልበቱን ያመው ጀምሯል። ሐኪሙ ውሃውን ካልቀየራችሁ አጥንቱም ይጣመማል ብሎናል። ናጎር ከተማ የመንግሥት የጥራት ምልክት ያለበት ማጣሪያ አይተን ነበር፤ የጥጃዋ ገንዘብ አልበቃውም።

በዚያው ሳምንት አንድ ሻጭ በሞተር ሳይክል መጣ። የእሱ ማጣሪያ ምልክቱ ያለበት፣ ዋጋው ግን ግማሽ ነው። እማዬ አሬራ ሰጠችው፤ ጠጣ፣ ደገመ፤ ውሃ ግን አልጠየቀም። ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠና በአንዱ የእኛን ውሃ፣ በሌላው ከራሱ ጠርሙስ «የተጣራ» ያለውን ቀዳ። ከመብራት ጋር የተያያዙ የብረት ዘንጎች ሲነክርባቸው የእኛው እንደ ጭቃ ደፈረሰ፣ የእሱ እንደጠራ ቀረ። ጎረቤቶች አፋቸውን ያዙ። እሱ የሚያየው እኔን ብቻ ነበር።

«መምህርት፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ አንቱ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ምልክቱ ሥር ቁጥር እንደሌለ አይቻለሁ። ስጠይቀው ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ነው፣ ወረቀቱም በኋላ ይመጣል አለ። አንዴ መምህርት ከተባልኩ በኋላ መጨቃጨቁ ከበደኝ። ግዙ አልኩ። ሦስት ጎረቤቶችም እኔን አምነው ለነገ ተመዘገቡ።

አክስቴ ገውራ የመጣችው ማሽኑ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ነው። የመንደሩን ውሃ እንድትመረምር ሠልጥና ሣጥን የተሰጣት እሷ ናት። መጀመሪያ የፈለገችው ቁጥሩን ነው። እውነተኛው ምልክት የፈቃድ ቁጥር አለው፣ ስልክ ላይ ሲጻፍ የአምራቹ ስም ይወጣል፤ ይሄ ማንም የሚያትመው ተለጣፊ ነው አለች። ከዚያ ከጉድጓዱም ከማሽኑም ውሃ በትናንሽ ብልቃጥ ቀድታ መድኃኒት ጠብ አደረገችበት። ቀይ ከሆነ ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆነ ፍሎራይዱ አልወጣም።

ሁለቱም ቢጫ ሆኑ።

እማዬ ጥጃዋ ትታሰርበት የነበረውን ችካል ታይ ነበር።

«ግን ሲደፈርስ በዓይናችን አየነው» አልኩ።

«ዘንጉ ነው የዛገው» አለች አክስቴ። «የእሱ ውሃ ጨው የለበትም፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቁንጥር ጨው ብትጨምሪበት እሱም ይደፈርስ ነበር።»

ይህን አውቀዋለሁ። ክፍል ውስጥ በሁለት ምስማርና በባትሪ ሠርተነዋል።

ሻጩ ነገ ጠዋት ሦስቱን ሊገጥም ይመለሳል። የእሱ ውሃ ላይ የምጨምረውን ጨው በወረቀት ጠቅልዬ በሻርፔ ጫፍ ቋጠርኩና ተነሣሁ። ሦስቱም ቤት ሄጄ፣ ተሸውጃለሁ ብዬ በራሴ አፍ መናገር አለብኝ። ባንሺ እያነከሰ ተከተለኝ። የመጀመሪያው በር ላይ ስንደርስ ሳላንኳኳ ቆምኩ።

«ምን ልትያቸው ነው?» አለኝ።

ቀስ ብዬ ከሳይንሱ እንደምጀምር ነገርኩት፤ በዚያ ትምህርት ከአሥር ዘጠኝ ማግኘቴንም አስታወስኩት።

ባንሺ ሳቀ፤ አፉን አልሸፈነም።

«እትዬ፣ ከማን ነበር የኮረጅሽው?»