ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ዛሬ

አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው የይለፍ ቃል በራሱ ሲሞላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝና ሁሉም ነገር ምክንያት አለው ባይ ነኝ፣ እመኑኝ።

ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የስደት ሰፈራችን በየዓርቡ ፓይተን የተባለውን የኮድ ቋንቋ የማስተምራት ሂሩት፣ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ በጦርነቱ የጠፉ ሐበሾችን የምንመዘግብበትን ድረ ገጽ አብራኝ ሠርታለች። የይለፍ ቃል ኮድ ውስጥም ወረቀት ላይም አይጻፍም፣ ለማንም አይነገርም ብዬ ስላስተማርኳት እሷ ያወጣችውን የመዝገቡን የይለፍ ቃል እኔንም ከለከለችኝ፣ «ኡስታዝ፣ ራስህ አይደለህ ያልከው!» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ፓስፖርቷን ከአሠሪዎቿ ላምጣ ብላ ሄደች፣ አልተመለሰችም።

ታላቅ እህቷ ገነት ከጦርነቱ ለመሸሽ ወደ ከሰላ ከተማ በሚሄድ አውቶቡስ ቦታ ይዛ ነበር፣ ከመሄዷ በፊት ግን የእህቷ ስም እንዲመዘገብ ፈለገች። በቀትር የሳተላይት ኢንተርኔት ያለው ሱቅ ገብተን ድረ ገጹን ሁሉም እንዲያየው ወደ ክላውድ፣ ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ማከማቻ፣ ጫንኩት፣ ቀይ የስህተት መስመር መጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የይለፍ ቃሉ በክላውዱ የቅንብር ገጽ ላይ ለብቻው መሞላት አለበት፣ ቦታው ግን ባዶ ነው።

«እትዬ ገነት፣ ያለ ሂሩት አይሆንም።»

«ያላ፣ አንዴ ድገመው እስቲ!»

ገጹን አደስኩት። የሱቁ ማራገቢያ ቀጥ አለ፣ ባዶው ቦታ ላይ ጥቁር ነጥቦች ተደርድረዋል። ያን ገጽ መክፈት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፣ እጄ ደግሞ ምንም አልጻፈም። ድረ ገጹ ተከፈተ።

ገነት የእህቷን ስም ጻፈች፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችበት በሚለው ላይ የዚያን ማክሰኞ ቀን ሞላች፣ ስናስቀምጠው የዛሬ ቀን ሆነ። ሦስቴ አረምነው፣ ሦስቴም ዛሬ አለ። ቀን ሲጎድል የዕለቱን እንዲሞላ ማዘዝ የጀማሪ ስህተት ነው፣ ኮዱን መስመር በመስመር አየሁት፣ እንዲያ የሚል ትእዛዝ የለውም።

«ዛሬ ያያት ሰው አለ ማለት ነው? ኡስታዝ፣ ንገረኝ እንጂ!»

ኮዱን እንደገና ከላይ ስጀምር አውቶቡሱ ሄደ፣ እሷ ቀረች። ይኸው በየቀኑ እየመጣች መዝገቡን ታያለች፣ የተጻፈው ቀን ሁልጊዜ እሷ የመጣችበት ዕለት ነው፣ ሰፈሩ ደግሞ ባዶ እየሆነ ነው። ሂጂ ልላት አልቻልኩም፣ ቆዪ ልላትም አልደፈርኩም።

እባካችሁ፣ ድረ ገጹን በራሳችሁ ስልክ ክፈቱትና የሂሩትን ስም ፈልጉ፣ ያያችሁትን ቀን ለገነት ከመንገራችሁ በፊት ለእኔ ንገሩኝ።