ሳይነካ የተነበበው ሳጥን

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቢሮአችን ስትገባ ሁሉም ነገር ቀስ ይላል፤ አቧራው እንኳ አየር ላይ ቆሞ የሚያስብ ይመስላል። እኔ ግን መቆም አልወድም።

ዝምተኛው ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በተቀጠረ ሰሞን «እጮኛ አለህ?» ብዬው «አለችኝ» ብሎኛል። ጠየቅሁ፣ ሰማሁ፣ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ከኮምፒውተሩ በላይ ሲያየኝ ዓይኔን ወደምጽፈው የፕሮግራም ኮድ እመልሳለሁ። የሰው እጮኛ ማየት ደመወዝ አያስጨምርም።

ዛሬ ግን ልቤ ሥራ አልያዘም። አለቃችን ዝምተኛውን ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ሊያዛውሩት አስበዋል፤ «ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ? እስከ ማታ አሳውቀኝ» ብለውታል።

ስልኬ ጮኸ። የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ እትዬ ናቸው፤ የታካሚ መመዝገቢያ ፕሮግራማቸውን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኋቸው።

«ልጄ፣ ‹መድኃኒት አይስማማውም› የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ‹አስቀምጥ› ስለው ባዶ አድርጎ ይመዘግበዋል። ዓይኔ እያየ ይክደኛል!»

«በደንብ ተጭነውታል?»

«ከዚህ በላይ ከተጫንኩት ጠረጴዛው ሊሰበር ነው!»

ዝምተኛው ሳቀ። ወንበሩን እየገፋ አጠገቤ መጣ። ትከሻው ትከሻዬን ሊነካ ትንሽ ቀረው።

«ኮድሽ ውስጥ ሳጥኑን መቼ ነው የምታነቢው?»

«የፕሮግራሙ መስኮት ሲከፈት።»

«ያኔ ማን ነካው? ባዶውን አነበብሽ፣ ያንኑ ይዘሽ ቀረሽ። እሳቸው ከዚያ በኋላ ምንም ቢያደርጉ ዞር ብለሽ አላየሽም። ‹አስቀምጥ› ሲሉ ነው ማንበብ ያለብሽ።»

የጀማሪ ስህተት። ፊቴ ጋለ። ሳጥኑን የሚያነበውን የኮድ መስመር ቆርጬ «አስቀምጥ» ሲባል ወደሚሠራው ክፍል ወሰድኩት። አዲሱን ላክንላቸውና ስልኩን ሳንዘጋ እስኪከፍቱት ጠበቅን።

ወደ ቦታው አልተመለሰም። ብርሃኑ ጣቶቹ ላይ አርፏል።

«እጮኛህ ስለ መዛወርህ ምን አለች?» አልኩ፣ ስክሪኑን እያየሁ።

«የቷ እጮኛ?»

«አለችኝ ብለኸኝ ነበር።»

«ስቀጠር? እሷማ ቀለበቴን መልሳ ሌላ አገባች። ቢሮው ሁሉ ያውቃል። እትዬ እንኳ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ!» አለ ስልኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ደግመሽ አልጠየቅሽማ።»

አለቃችን በበሩ ብቅ አሉ። «እህስ፣ ወሰንክ?»

ዝምተኛው እኔን አየኝ። ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ ኮዱ ሊሸሽ ነበር። ያዝኩት።

«አሁን እየጠየቅሁህ ነው። ሌላ አለች?»

«የለችም።»

«እንግዲያው አትሂድ።»

ረጅም ጊዜ ተያየን፤ ወይም ረጅም መሰለኝ። ከዚያ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ «እቀራለሁ፣ አለቃ» አለ።

አለቃችን ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ትከሻው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ እኔም ቆም አልኩ።

«ልጄ!» አሉ እትዬ ከስልኩ። «ሳጥኑ ያዘልኝ! እናንተስ ጨረሳችሁ?»