ሁለት የግራ እጅጌ

«ይጨብጡኝ፤ ይልቀቁ ስልዎት ደግሞ ቶሎ ይልቀቁ» አለች ሐኪሟ።

ታካሚው ልብስ ሰፊ እጇን ጨበጠ።

«ይልቀቁ!»

ጣቶቹ አልተፈቱም። ሐኪሟ በትዕግሥት ጠበቀች። እሱ ሳቀ። «ሰፈር ውስጥ ሙጫው ነው የሚሉኝ፣ ዶክተር። ወዳጅ ከያዝኩ አልለቅም።»

ከጎኑ የተቀመጠችው ልጁ አልሳቀችም። ቀልዱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የአባቷ እናትም እንዲህ ነበሩ አሉ፤ የባልዲ እጀታ ይዘው ቆመው ይቀሩ ነበር።

ሐኪሟ ሁለት የአንጎል ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ከፈተች፤ አንዱ የቆየ፣ ሌላው የዘንድሮ። «ይህ ጣት እንዳይፈታ የሚያደርግ፣ በዘር የሚወርድ በሽታ ጡንቻን ብቻ አይደለም የሚነካው። ከዓመታት በኋላ አንጎልንም ሊለውጥ ይችላል። አንዳንዱ ሰው እንቅልፍ ያበዛል፣ የጀመረውን ይተዋል፣ ምንም አያጓጓውም። ፎቶው ግን ሁሉን አይነግረኝም፤ የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ። ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ?»

«ምንም» አለ አባቷ።

ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ያለፈው ሳምንት ትዝ አላት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የስፌት መኪናው ድምፅ ከሱቃቸው ይሰማ ነበር። ስትገባ አባቷ መኪናውን እየረገጠ ግድግዳውን ያያል። ከመርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም። ድሮ ሲሰፋ ያፏጭ ነበር፤ መቼ እንደተወው ማንም ልብ አላለም። እናቷ «ሰውዬው ሰነፈ» ትላለች፤ እሱም አይከራከራትም። ልጅቷ ግን ጠማማ ስፌቱን እየተረተረች ስታቃና ከርማለች፤ ደንበኛ እንዳይስቅበት፣ እናቷም እንዳታይ።

አባቷን አየችው። ዓይኑ ውስጥ ልመናም ቁጣም የለም። እዚያው ተቀምጦ የሌለ ሰው ይመስላል።

«ምንም» አለች።

ከሐኪሟ ተመልሰው ሱቁን እንደከፈቱ ፖስተኛው በበሩ ብቅ አለ። «ሙጫው! ያሰፋሁት ኮት ደረሰ ወይስ ተጣበቀብህ?»

«ነገ።»

«ያንተ ነገ እኮ ጢም አበቀለ!» እየሳቀ ሄደ።

ልጅቷ ኮቱን ከጠረጴዛው አነሳች። ሁለቱም እጅጌዎች የሚታጠፉት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ሁለቱም የግራ ናቸው። አባቷ ጨርቁን ሳይገለብጥ ቆርጦታል ማለት ነው። ይህ ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ በመተርተር ብቻ አይድንም። ምናልባት ከተረፈው ቁራጭ አንድ የቀኝ እጅጌ ይወጣ ይሆን? ትንሿን መቀስ ጨብጣ ክሩን መበጠስ ጀመረች።

ከዚያ መቀሱን ላስቀምጥ አለች። ጣቶቿ አልተፈቱም።

ደግማ አዘዘቻቸው። እጇ የሌላ ሰው ይመስል ዝም አላት። በዓይኗ አይታቸው የማታውቃቸው አያቷ፣ ባልዲያቸውን እንደያዙ ከኋላዋ የቆሙ መሰላት።

«አትጎትቺው» አለ አባቷ።

መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። «ከትንሿ ጣት ጀምሪ። አትታገያት፤ ትሰማሻለች።» ጣቶቿን አንድ በአንድ እያሻሸ ፈታቸው። መቀሱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እናቴ?»

«ምንም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«ከክረምት ጀምሮ።»

አባቷ ዓይኑን ከእጇ አነሳ። ደግሞ ወደ ግድግዳው ሄደብኝ ብላ ፈራች። እሱ ግን የሚያየው ኮቱን ነበር።

«እጅጌውን ከሰፋሁት በኋላ አይቼዋለሁ» አለ። «ሁለቱም የግራ። ድሮ ቢሆን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አሁን ግን አየሁትና… ምንም አልመሰለኝም። እኔን የገረመኝ እሱ ነው።»

ልጅቷ መቀሱን አንስታ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው። ኮቱን እንዳለ አጣጥፋ፣ ደብተሮቿን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።

«ፖስተኛውስ?»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

«ነገ ትምህርት የለሽም እንዴ?»

«ነገ ኮቱን ይዘን ሐኪሟ ጋ ተመልሰን እንሄዳለን። ሁለታችንም።»

ዚፑን ሳበችው። አልዘጋ አለ፤ አንዱ የግራ እጅጌ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። አየችው፤ መልሳ አልከተተችውም።