በአቡጀዲው ላይ የዞረው ፊት

እኔ እንድሪስ ስለ ጅን ሲወራ እየሳቅኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያለ አስተማሪ ፊደል የለየሁ፣ የወፍጮ ሞተር ፈትቼ የገጠምኩ፣ የፊልም ማሽን ያስነሳሁ፣ ከሚሴ ላይ እንደኔ ያለ አልነበረም፣ ያላመነ ይጠይቅ፤ ያቺን ምሽት ግን ወዳጄ፣ እስከ ዛሬ አልፈታኋትም።

በደርግ ጊዜ ነው። ካድሬው የአንድ ባሕር ማዶ አገር መሪን ሕይወት የሚያሳይ፣ ድምፅ የሌለው የድሮ ፊልም አመጣ፤ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አቡጀዲ ወጠርን፣ ከመግሪብ በኋላ የጨፋ ገበሬ ግቢውን ሞላው። እኔ ማሽኑን አስነስቼ አቡጀዲው ጎን ቆምኩ፣ የመሪውን ቃል ከራሴ እያመጣሁ በአማርኛም በኦሮምኛም ተናገርኩለት፤ እመነኝ፣ ከሱ ይልቅ እኔ መሪ እመስል ነበር።

ከፊት እማ ዘሐራ ተቀምጣለች። ልጇ ሰይድ ለውትድርና ተወስዶ ወሬው ጠፍቷል፣ ይኑር ይሙት የሚነግራት አጥታ ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች።

መጨረሻ ላይ መሪው ታሞ አልጋው ላይ እንዳለ እጆቹን ዘረጋ። የኛ ሰው የተዘረጋ እጅ ካየ ዱዓ ነው፤ ግቢው በሙሉ እጁን ዘርግቶ «አሚን!» አለ።

«ጓድ እንድሪስ፣ ዝም አሰኛቸው! ፊልም እኮ ነው!» አለ ካድሬው።

«እኔ የሱ አፍ ነኝ ጓድ፣ የነሱን አፍ እርስዎ ይያዙ» አልኩት።

እማ ዘሐራ ብድግ አለች። «አባቴ፣ ለሰይድም! አለ ወይስ የለም? ንገረኝ!»

«አሚን!» አለ ሰው።

ያኔ የማሽኑ ድምፅ ራቀ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያለ መሰለ፤ ወላሂ፣ ማሽኑ ግን ይዞራል። መሪው ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፣ አሚኑ እስኪያልቅ ጠበቀ፣ መዳፎቹን እንደኛ ፊቱ ላይ አሳለፈ፣ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ።

«ማል ጄዴ? ምን አለ፣ እንድሬ?» አለኝ ሕዝቡ። ቃል አጥቼ የማላውቀው ሰውዬ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ።

«ተወው፣ ሰምቻለሁ» አለች እማ ዘሐራ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

በማግስቱ በር ዘግቼ ደግሜ አየሁት፤ እዚያ ቦታ ላይ መሪው ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል፣ እጁም ከብርድ ልብሱ አልወጣም።

እማ ዘሐራ ከዚያ ወዲህ ስለ ሰይድ ማንንም አልጠየቀችም፤ አላለቀሰችም፣ ደስ ሲላትም አላየሁ።

«እማ፣ ምን ነበር ያለሽ?» እላታለሁ።

«አጠገቡ የቆምከው አንተ አይደለህ?» ትለኛለች።

እውነቷን ነው፣ ቆሜ ነበር። አሁንም ብቻዬን ስሆን ያን ከንፈር በከንፈሬ እሞክረዋለሁ፣ አንዳንዴ ቃሉ ሊመጣ ሲል፣ «የለም» እንዳይሆን ፈርቼ አፌን በእጄ እይዛለሁ።