ሙዙ የተማረው ትምህርት

ዳይሪስ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤቷ እዚሁ ላ ቦካ መንደር፣ ከወደቡ ሦስተኛው ሰማያዊ በር ነው። እናቷ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ታናሽ ወንድሟ ኔይደር ገና ቆሞ አይሄድም፤ ቀኑን ሙሉ ከጣሪያ በተንጠለጠለው ዥዋዥዌ አልጋው ላይ ተኝቶ እግሩን ያወራጫል። ልጆች፣ ይህን አልጋ አስታውሱት፤ ጉዱ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ዳይሪስ ከልቧ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር። በሐምሌ፣ የእመቤታችን ሐውልት በጀልባ ባሕሩን ስትዞር፣ በመሪው ጀልባ ላይ አበባ ይዞ መቀመጥ። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ግን አዲስ ደንብ አወጣ። ጀልባ ላይ የሚወጣ ልጅ ሁሉ በስልክ የሚሰጠውን የባሕር ትምህርት መጨረስ አለበት። ትምህርቱ አሥራ አራት ቪዲዮ ነው። ቪዲዮዎቹ በራሳቸው አይቀጥሉም። አንዱ ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ተማሪው «ቀጥል» የሚለውን ሲነካ ብቻ ሌላው ይጀምራል። እንዲህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ልጁ ከስልኩ ፊት መኖሩ እንዲታወቅ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቪዲዮዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ። እኔ መምህራችሁ እንኳ ሁለተኛው ላይ ሁለቴ አዛግቻለሁ። ዳይሪስ ሦስቱን አየችና አራተኛው ላይ በቃኝ አለች። ውጭ ጓደኛዋ ማይሬት ዶሚኖ ዘርግታ እየጠበቀቻት ነበር።

ዳይሪስ ያን ቀን ቁርስ ስትበላ አንድ ነገር አይታ ነበር። የተላጠ ሙዝ ስልክ ሲነካ፣ ስልኩ ጣት ይመስለዋል። ቤት ሄዳችሁ እንዳትሞክሩት። እንደምትሞክሩት አውቃለሁ፤ ቢያንስ ስልኩን ጥረጉት። እናም ሙዝ ልጣ ከኔይደር አልጋ ጠርዝ ላይ በክር አንጠለጠለች። ስልኩን በርጩማ ላይ አስደግፋ አቆመች። ከአልጋው ረጅም ገመድ ስባ እግሯ ላይ አሰረች። እጃቸው ሥራ ሲይዝ እናቶቻችን ሁሉ ልጅ የሚያወዛውዙት እንዲህ ነው። ከዚያ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ዶሚኖዋን ተጫወተች። እግሯ ይስባል፣ አልጋው ይወዛወዛል፣ ሙዙ ስልኩን ይነካል። አንድ ቪዲዮ ባለቀ ቁጥር ሌላው ይጀምራል። ኔይደር በሳቅ ይንፈራፈራል።

«አንቺ፣ ትምህርቱን የምትማሪው መቼ ነው?» አለቻት ማይሬት።

«እየተማርኩ አይደል እንዴ?»

«የሚማረውማ ሙዙ ነው።»

«እሱም ይማር፣ ምን ከፋሽ? ይልቅ ተራሽ ነው፣ ጣይ።»

ከምሳ በፊት ስሟ የተጻፈበት ሰርተፍኬት መጣ። እናቷ በኩራት አሳትማ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሙዙን ኔይደር በላው።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ጀልባዎቹ በወረቀት አበባ አጊጠዋል፤ ከበሮው ይመታል። የመሪው ጀልባ ካፒቴን አባባ ኤባሪስቶ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መርተዋል። የግራ አውራ ጣታቸው ጫፍ የለም፤ ማን በላው ሲባሉ በየዓመቱ የሌላ ዓሣ ስም ይጠራሉ። ሐውልቷ ተጫነች፣ ቄሱ አባ ኦክታቪዮም ገቡ። አባባ ኤባሪስቶ አብረው የሚጓዙትን ባልቴቶች ደግፈው ሊያመጡ ሲሉ የጀልባውን ማሰሪያ ገመድ ለዳይሪስ ሰጧት።

«ቋጠሮውን ተምረሻል አይደል፣ የኔ ልጅ?»

«አዎ፣ አባባ» አለች።

ከወደቡ ምሰሶ ጋር አሰረችው። እንዴት መሰላችሁ? እንደ ጫማዋ ማሰሪያ፣ ባለ ሁለት ጆሮ አድርጋ።

አባ ኦክታቪዮ ዓይናቸውን ጨፍነው እየዘመሩ ነበር። ሲገልጡ ወደቡ ርቋል። ጀልባው እሳቸውንና እመቤታችንን ይዞ፣ ካፒቴን ሳይኖረው፣ ቀስ ብሎ ወደ ባሕሩ እየሄደ ነው። አምስት ጀልባዎች ሮጠው ደረሱባቸው። ሲመለሱ አባ ኦክታቪዮ መዝሙሩን አላቋረጡም ነበር፤ ድምፃቸው ብቻ ትንሽ ቀጥኗል። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አባባ ኤባሪስቶ ግን አልሳቁም። በእኛ ባሕር ዳርቻ ገመድ ከተፈታ ማን አሰረው ተብሎ አይጠየቅም፤ ጥፋቱ የካፒቴኑ ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ኔልሲ ወደሳቸው ቀረቡና በለሰለሰ ድምፅ፣ እጅ መድከሙ አይቀርም፣ ለከርሞ ጀልባውን የወንድምዎ ልጅ ቢይዘው ይሻላል አሉ። አባባ ኤባሪስቶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዳይሪስን አንዴ አዩዋት፤ ስሟን ግን አልጠሩም።

ዳይሪስ ዝም ካለች አበባዋን ይዛ ትሄዳለች፤ እሳቸው ግን ጀልባቸውን ያጣሉ። አበባውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ቋጠሮውን አልችለውም። ትምህርቱንም አላየሁትም፤ ሙዝ ነው ያየልኝ።»

ከዚያ የሙዙን ነገር ከነአልጋው፣ ከነገመዱ፣ እያለቀሰች ተናገረች። ወይዘሮ ኔልሲ አባባ ኤባሪስቶን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁ፤ ጀልባቸውንም መለሱላቸው። ዳይሪስ ግን ያን ቀን ጀልባ ላይ አልወጣችም። አበባውን ማይሬት ይዛ ስትሄድ ከወደቡ ላይ ቆማ አየች። ቤት ገብታ ሰርተፍኬቱን ራሷ ከግድግዳ አወረደችው።

በማግስቱ አባባ ኤባሪስቶ የኮኮናት ሩዝ ይዘው መጡ። «ነይ፣ አብረን እንይ» አሏት። «ቀጥል»ን በራሷ ጣት እየነካች ከመጀመሪያው ጀመረች። ዘጠነኛው ቪዲዮ የቋጠሮው ነበር። ፊት አይታይበትም፤ ሁለት እጆች ብቻ ገመዱን ቀስ አድርገው ያዞራሉ፣ ያሾልካሉ፣ ያጠብቃሉ። ዳይሪስ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። የግራው አውራ ጣት ጫፍ የለውም።

ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ «ቀጥል»ን ሳትነካ፣ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው መለሰችው።

ልጆች፣ ሳንማር ተምረናል ስንል፣ ሊያስተምረን የደከመልንን ሰው እንበድላለን።